ቀን እየሠራ ማታ የተማረው ቡከር ዋሽንግተን

ፊደል የሚቈጠረው በልጅነት ብቻ ነው፥ ጕልማሳ ከሆኑ በኋላ በትምህርት ወንበር መቀመጥ ነውር ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ደግሞም የተማረ ሰው እጁን ከአፈርና ከጭቃ ማራቅ ይገባዋል የሚሉ አይጠፉም። ከባርነት ተነሥቶ የታላቅ ተማሪ ቤት አለቃ የሆነው አሜሪካዊው ቡከር ዋሽንግተን ዕድሜውን በሙሉ ከነዚህ ከሁለቱ አሳቦች ጋራ ሲታገል ኖረ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቡከር የተወለደው በ1856 ዓመት በቨርጂኒያ፥ ሄልስ ፎርድ በሚባል ስፍራ፥ በአንድ የእርሻ ቦታ ነው። እናቱ ጄን የእርሻው ባለቤት ባርያና ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ስለዚህ እርሱም ከማኅፀን ጀምሮ ባርያ ነበረ። አባቱ ነጭ ሰው እንደ ሆነ ይነገር ነበር እንጂ ማን እንደ ሆነ ልጁ አላወቀም፤ የተወለደበትንም ቀን የጻፈለት አልነበረም። የሚኖሩበት ጎጆ ወለሉ አፈር ነበር፤ ልጆቹም በመሬት ላይ በተጣለ አሮጌ ጨርቅ ላይ ይተኙ ነበር። ቡከር የጌቶቹን ሴት ልጅ መጻሕፍት ተሸክሞ እስከ ተማሪ ቤቱ ደጅ ይሸኛት ነበር። ከደጁ አልፎ ግን ሊገባ አይችልም፤ ባሮችን ሰብስቦ ማንበብና መጻፍ ማስተማር በዚያ አገር በሕግ የተከለከለ ነበርና። በደጅ ቆሞ ልጆቹ ሲማሩ ባየ ጊዜ ወደዚያ ቤት መግባት ወደ ገነት እንደ መግባት ያለ ነገር መሰለው።

በ1865 ዓመት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያልቅ ባሮቹ ነጻ ወጡ። አንድ ሹም መጥቶ አዋጁን አነበበላቸው፤ እናቲቱም ልጆችዋን እየሳመች አለቀሰች። የእንጀራ አባቱ አስቀድሞ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄዶ ነበርና ቤተ ሰቡ ጥቂቱን ዕቃ በጋሪ ጭነው፥ ልጆቹ ብዙውን መንገድ በእግራቸው ሄደው፥ ከብዙ ቀን በኋላ ማልደን ከምትባል መንደር ደረሱ። በዚያ ጨዋማ ውኃ በእሳት እየፈላ ጨው ይወጣ ነበር። ጨውን በበርሜል የሚሞላ ሠራተኛ ሁሉ የራሱ ቍጥር ነበረው፤ የእንጀራ አባቱ ቍጥር 18 ነበር። በየማታው አለቃው እየመጣ በበርሜሎቹ ላይ 18 ብሎ ሲጽፍ ቡከር ያይ ነበር፤ ያንንም ቅርጽ ለየው። ሌላ ፊደል አንድ ስንኳ ሳያውቅ ይህን ቍጥር ባየበት ስፍራ ሁሉ ያነበው ነበር። የትምህርቱ መጀመሪያ ይህ ነው።

እናቱ ራስዋ ማንበብ አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን የልጅዋን ምኞት ባየች ጊዜ እንደ ምንም ብላ አንድ የፊደል መጽሐፍ አገኘችለት። በዙሪያቸው ከነበሩት ጥቁሮች የሚያስተምረው ሰው ስላልነበረ፥ ነጮቹን መጠየቅም ስለ ፈራ፥ ልጁ ብቻውን ገጹን እየተመለከተ በጥቂት ሳምንት ብዙውን ፊደል ለየ። ከዚያ በኋላ በማልደን ለጥቁሮች ተማሪ ቤት ተከፈተ። የመምህሩን ደመወዝ ወላጆች ያዋጡ፥ ቀለቡንም በየተራ በየቤታቸው ይሰጡት ነበር። ትናንት ባርያ የነበረው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለትምህርት ተነሣ። ሃምሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳይሞቱ መጽሐፍ ቅዱስን በገዛ ዓይናቸው ለማንበብ ይመኙ ነበርና በማታው ትምህርት ከልጆች አጠገብ ተቀምጠው ፊደል ይቈጥሩ ነበር። የቀኑም፥ የማታውም፥ የሰንበቱም ትምህርት ሰው ሞላበት፤ ስፍራ አጥተው የሚመለሱም ነበሩ።

ቡከር ግን ወዲያው ሊገባ አልቻለም። የእንጀራ አባቱ የልጁን የቀን ሙያ ፈለገ፤ ልጁም ከጨው ማፍያው ሥራ ሆኖ ጓደኞቹ ወደ ትምህርት ሲሄዱና ሲመለሱ እያየ ያዝን ነበር። በመጨረሻ መምህሩን ለምኖ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ መማር ጀመረ። ቀን ከሚማሩት ልጆች ይልቅ የበለጠ እንዳገኘ ኋላ ተናገረ፤ ደክሞት የመጣ ሰው ያለችውን አንዲት ሰዓት አያባክናትምና።

ቈይቶም ማለዳ ተነሥቶ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሠርቶ ወደ ቀኑ ትምህርት እንዲሄድ፥ ከትምህርትም በኋላ እንደ ገና ሁለት ሰዓት እንዲሠራ ተፈቀደለት። ነገር ግን ትምህርቱ የሚጀመረው ልክ በሦስት ሰዓት ነበር፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ልጁ ሁልጊዜ እየዘገየ ስለ ተቸገረ በሥራው ቤት የተሰቀለውን ሰዓት በየጥዋቱ ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋው ጀመር። በዚያ ሰዓት የሚተዳደሩት ሠራተኞች ከመቶ በላይ ነበሩ። አለቃው ነገሩ ስላልገባው ሰዓቱን በሣጥን ቈለፈበት። ይህ ያለ ጥርጥር በደል ነው፤ ቡከርም አዋቂ ከሆነ በኋላ በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ አልሸሸገውም።

በተማሪ ቤት ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ቆብ አድርገው አየ። እናቱ ከሱቅ የምትገዛበት ገንዘብ አልነበራትም፤ ብድር ገብታም መግዛት አልወደደችም። ስለዚህ ሁለት ቍራጭ ጨርቅ አጋጥማ ሰፋችለት። ቆብ የገዙት ልጆች ሳቁበት፤ እርሱ ግን ያችን የእናቱን ስፌት እስከ ሞቱ ድረስ ሲያከብራት ኖረ። ሌላም ችግር ነበረበት፤ መምህሩ ስም ሲጽፍ የሌሎቹ ልጆች ስም ሁለት ነበር፥ የእርሱ ግን አንድ ብቻ ነው። ተራው እስኪደርስ ሲያስብ ቈይቶ ቡከር ዋሽንግተን ነኝ ብሎ መለሰ፤ በዚያም ስም ቀረ።

የቀኑ ትምህርት ብዙ አልቈየለትም። ወደ ድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ወረደ፤ በዚያም ጨለማና የድንጋይ ናዳ አስፈራው። አንድ ቀን በጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ሲነጋገሩ ሰማ። በቨርጂኒያ ሃምፕተን የሚባል፥ ድኃ የሆነ ጥቁር ልጅ ሁሉ በእጁ ሠርቶ የቀለቡን ዋጋ እየከፈለ የሚማርበት ተማሪ ቤት አለ ይሉ ነበር። ቡከር በጨለማው ውስጥ እየዳኸ ቀረብ ብሎ አደመጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ አሳብ አልነበረውም።

ለመንገዱ ገንዘብ እስኪያገኝ የማዕድኑ ባለቤት ሚስት በሆነችው በወይዘሮ ቫዮላ ራፍነር ቤት በወር በ5 ዶላር አሽከርነት ገባ። ይህች ሴት እጅግ ጥብቅ ነበረች፤ አሽከሮች ሁሉ ጥለዋት ይሄዱ ነበር። እርሱ ግን የምትፈልገው ምን እንደ ሆነ አስተዋለ፤ ንጽሕና፥ ፈጥኖ መሥራት፥ እውነትም መናገር ነው። በግቢ የወደቀ ወረቀት ማንሣትን፥ የወደቀ አጥር ማቅናትን ከርስዋ ተማረ። በክረምትም ወራት በቀን አንድ ሰዓት እንዲማር ፈቀደችለት።

በ1872 ዓመት የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ለመሄድ ተነሣ። በባርነት ያረጁ ሰዎች አንዱ አምስት ሳንቲም፥ አንዱ መሐረብ እየሰጡ ሸኙት፤ ከወገናቸው አንድ ልጅ ወደ ትልቅ ትምህርት ሲሄድ አያለሁ ብለው አላሰቡም ነበርና። መንገዱ 500 ማይል ያህል ነበር፤ ግማሹን በባቡርና በሠረገላ፥ ግማሹን በእግሩ ሄደ። በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ጥቁር ስለ ሆነ አይገባም ተብሎ ሌሊቱን ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ ብርዱን አሳለፈ። ሪችመንድ ከተማ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ፤ ከመንገድ ዳር በተነጠፈ ሳንቃ ሥር ገብቶ ተኛ፤ ከበላዩ የመንገደኞችን ኮቴ ይሰማ ነበር። ሲነጋ ከመርከብ ብረት በማራገፍ ሥራ አገኘ፤ ገንዘብ ለማትረፍ ብሎም ብዙ ሌሊት ከዚያው ሳንቃ ሥር አደረ። ስንቅ ሳይኖረው ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

ሃምፕተን ሲደርስ በኪሱ 50 ሳንቲም ቀርቶት ነበር፤ ልብሱ ቈሽሾ፥ ሰውነቱም ከስቶ ነበር። የመምህራን አለቃ የነበረችው ሴት አይታው ተጠራጠረች፤ ሌሎችን እየተቀበለች እርሱን አቈየችው። ከጥቂት ሰዓት በኋላም አንዱን የትምህርት ክፍል እንዲጠርግ አዘዘችው። ቡከር ሦስት ጊዜ ጠረገው፤ አቧራውንም አራት ጊዜ ወለወለ፤ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ሁሉ እያነሣ ማእዘኑን ሁሉ አጸዳ። እርስዋም ገብታ በነጭ መሐረብዋ ግድግዳውንና እንጨቱን አሸችው፤ አንዳችም አቧራ ስላላገኘች ተቀበለችው። ፈተናው ይኸው ነበረ። ለቀለቡ ዋጋ የቤት ጠራጊነት ሥራ ሰጠችው። በዚያም ከመጽሐፍ ትምህርት ጋራ ገላን መታጠብን፥ ጥርስን መቦረሽን፥ በጠረጴዛ ቀርቦ መብላትን ተማረ። በአልጋ ላይ ሁለት አንሶላ ባየ ጊዜ እንዴት እንደሚተኛበት አላወቀም፤ በመጀመሪያው ሌሊት ከሁለቱም በታች፥ በሁለተኛው ሌሊት ከሁለቱም በላይ ተኛ፤ በሦስተኛው ግን ጓደኞቹን አይቶ በመካከላቸው ገባ።

የሃምፕተን አለቃ ጄኔራል ሳሙኤል አርምስትሮንግ ተማሪ ቤቱን በ1868 ዓመት ያቆመ ሰው ነበር፤ የጭንቅላትና የእጅ ትምህርት ባንድነት እንዲሄዱ ይፈልግ ነበር። ቡከር በ1875 ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ማልደን ተመለሰና መምህር ሆነ። እናቱ ግን አላየችውም፤ ከዚያ በፊት ሞታ ነበር። ጥዋት በሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ አራት ሰዓት ድረስ ያስተምር ነበር። ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች የሚማሩበት የማታው ትምህርት ሰው ከቀኑ አያንስም ነበር።

በ1879 ዓመት አርምስትሮንግ መልሶ ወደ ሃምፕተን ጠራውና የማታ ትምህርት ክፍል አለቃ አደረገው። የዚህ ክፍል ሥርዓት ሊነገር ይገባዋል። የቀለቡን ዋጋ መክፈል የማይችል ወንድ ወይም ሴት ተማሪ በቀን አሥር ሰዓት ይሠራል፤ ወንዶቹ በእንጨት መሰንጠቂያ፥ ሴቶቹ በልብስ ማጠቢያ። ማታም ሁለት ሰዓት ይማራል። ደመወዙ ከቀለቡ ዋጋ ጥቂት ይበልጣል፤ ትርፉም በተማሪ ቤቱ ግምጃ ቤት ይጠራቀምለታል። አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንዲሁ ከሠራ በኋላ በተጠራቀመለት ገንዘብ ወደ ቀኑ ትምህርት ይገባል። በመጀመሪያ 12 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ። የመኝታ ደወል እስኪደወል ከመጽሐፋቸው አይለዩም፤ ከዚያም በኋላ እንዲያስተምራቸው ይለምኑት ነበር።

በ1881 ዓመት ከአላባማ ደብዳቤ መጣ። ተስኪጊ በምትባል ከተማ የጥቁሮች መምህራን የሚሠለጥኑበት ተማሪ ቤት እንዲከፈት ሁለት ሰዎች ደክመው ነበር፤ አንደኛው በባርነት ሳለ ቆርቆሮና ጫማ መሥራት የተማረው ሉዊስ አዳምስ፥ ሁለተኛውም ቀድሞ የባሮች ጌታ የነበረው ነጋዴ ጆርጅ ካምቤል ነው። አርምስትሮንግ የ25 ዓመቱን ቡከርን ላከላቸው። እርሱም ሲደርስ መሬትም ቤትም አላገኘም፤ መንግሥት የፈቀደው ለመምህራን ደመወዝ ብቻ የሚሆን በዓመት 2000 ዶላር ነበር። በሐምሌ 4 ቀን በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረች አሮጌ ጎጆ 30 ተማሪዎች ይዞ ትምህርት ጀመረ። ጣራው ያፈስ ነበርና ዝናም ሲጥል አንዱ ተማሪ ተነሥቶ ጥላ ይይዝለት ነበር።

ከነዚያ ተማሪዎች ከ15 ዓመት በታች የሆነ አልነበረም፤ ወደ አርባ ዓመት የተጠጉም ነበሩ። ብዙዎቹ ራሳቸው በየመንደሩ መምህራን ሆነው ሳለ መሠረቱን ግን አልያዙም ነበር። ስለ ባንክና ስለ ወለድ በቃል ያጠኑትን ረጅም ሕግ ይደግማሉ፤ የማባዛትን ሠንጠረዥ ግን አያውቁም። ቡከር አገሩን ሲዞር ያየው ከዚህ የባሰ ነበር፤ አንድ ጕልማሳ በአንዲት ክፍል ጎጆ ውስጥ፥ ልብሱ ቈሽሾ፥ ግቢውና አትክልቱ አረም ውጦት፥ ተቀምጦ የፈረንሳይኛ ሰዋስው ያጠና ነበር።

ከከተማ ውጭ 100 ኤከር፥ ይኸውም አንድ ጋሻ የሚያህል የተተወ እርሻ በ500 ዶላር ተገኘ። ቡከር የመጀመሪያውን 250 ዶላር ከሃምፕተን ግምጃ ቤት ኃላፊ ከራሱ ኪስ ተበድሮ ከፈለ። የፈረስ ጋጣውና የዶሮ ቤቱ ተጠርጎ የትምህርት ክፍል ሆነ። ዱሩን መንጥረን እንዘራለን ባለ ጊዜ ተማሪዎቹ አጕረመረሙ፤ መምህራን ነንና መጥረቢያ መያዝ አይገባንም ይሉ ነበር። እርሱ ግን አልተከራከራቸውም፤ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ቀድሞ ወደ ዱር ገባ። ባዩት ጊዜ አፍረው ተከተሉት። ገንዘብ ለማግኘትም የሥራ ባልንጀራው መምህርት ኦሊቪያ ዴቪድሰን በየቤቱ እየዞረች ለመነች። ልብስዋ የተቀዳደደ፥ ሰባ ዓመት ያህል የሆናት አሮጊት በከዘራ ተደግፋ መጣችና ለልጆቹ ትምህርት ይሁንልኝ ብላ ስድስት ዕንቍላል ሰጠች። ቡከር ከዚያ በኋላ ከባለጠጎች ብዙ ሺህ ዶላር ተቀብሏል፤ እንደዚያ ያለ ስጦታ ግን አላገኘሁም ብሎ ጽፏል።

ቤት ለመሥራት ጡብ አስፈለገ፤ በከተማውም ጡብ የሚሠራ አልነበረም። ተማሪዎቹ እስከ ጕልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሠሩ፤ ከነርሱም ሥራውን ጠልተው የሄዱ አሉ። 25,000 ያህል ጡብ ሠርተው በእቶን ከተኰሱት በኋላ ተበላሸ። ሁለተኛውም ተበላሸ። ሦስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው በእኩለ ሌሊት ፈረሰ። ገንዘብ አልቆ ነበር፤ መምህራኑም ይቅርብን አሉ። ቡከር ወደ ሞንትጎመሪ ሄደና የኪስ ሰዓቱን በ15 ዶላር መያዣ አድርጎ ተበደረ። አራተኛው እቶን ተሳካ፤ ሰዓቱን ግን የሚያስለቅቅበት ገንዘብ በጊዜው ስላላገኘ በዚያው ቀረ። ከዚያም በኋላ ያን ተማሪ ቤት ይጠሉ የነበሩ ነጮች እንኳ ጡብ ለመግዛት ይመጡ ጀመር። ከተማሪዎቹም ብዙዎች በዚያ ሙያ እንጀራቸውን አገኙ።

በ1884 ዓመት የሃምፕተንን ሥርዓት አምጥቶ በተስኪጊ የማታ ትምህርት ከፈተ። እዚህም በ12 ተጀመረ፤ እስከ 1901 ዓመት ድረስ 457 ሆኑ። በማታው ትምህርት ያልተፈተነ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም እንኳ ጽናቱ አልታወቀም ብሎ ያምን ነበር። በ1892 ዓመት ደግሞ በዙሪያው ያሉትን ገበሬዎች ለምክር ጠራ፤ 75 ያህል ሲጠብቅ 400 የሚያህሉ መጡ። ችግራቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ጥጡ ሳይዘራ ለባለ ሱቅ መያዣ ይሆናል፤ ቀለባቸውን በዱቤ ይወስዳሉ፤ በመከር ጊዜም የሚተርፋቸው ዕዳ ብቻ ነው። ቍጥር የማያውቅ ገበሬ በሱቁ መዝገብ የተጻፈበትን እንዴት ይመረምራል? ስለዚህ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ስለ አትክልት፥ ስለ ዕዳ፥ መሬትን ስለ መግዛት ይማሩ ነበር። መምጣት ለማይችሉትም ሊቁ ጆርጅ ካርቨር፥ በ1896 ዓመት ወደ ተስኪጊ የመጣው፥ አንድ ሠረገላ አሰናዳ። በ1906 ዓመት ማረሻ፥ የቅቤ መናጫና ዘር የጫነ ይህ ሠረገላ በበቅሎ እየተሳበ በየገበሬው ደጅ ይዞር ጀመር።

ዳሩ ግን ሰው ሁሉ አላመሰገነውም። በ1895 ዓመት በአትላንታ ባደረገው ንግግር ጥቁሮች አስቀድመው በሙያና በንብረት ይደላደሉ፥ ከነጮች ጋራ ስለ መተካከል መከራከሩን ለጊዜው ይተዉት ብሎ መከረ። ነጮቹ አጨበጨቡለት። ዊልያም ዱቦይስ የተባለው ጥቁር ሊቅ ግን በ1903 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ነቀፈው፤ የመምረጥ መብትና ከፍተኛ ትምህርት የሌለው ሕዝብ በእጁ ሙያ ያገኘውን ሊጠብቅ አይችልም አለ። ነቀፋው እውነት ነበረበት። በ1901 ዓመት የወጣው የአላባማ ሕግ ለመምረጥ ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል ይል ነበር፤ ዳሩ ግን መዝጋቢዎቹ ማንበብ የሚችሉትንም ጥቁሮች ይመልሱ ነበር። ያስተማራቸው ሰዎች ፊደሉን ይዘው ሲመጡ በሩ ተዘጋ። ቡከር በአደባባይ ዝም አለ፤ በስውር ግን ይህን ሕግ የሚቃወሙትን ሰዎች የጠበቃ ዋጋ ይከፍል ነበር። በ1903 ዓመት ጉዳዩ ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተሸነፉ። ይህ ስውር ሥራው የታወቀው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በግልጥ ቢናገር ኖሮ ተስኪጊን ያጠፉበት ነበር የሚሉ አሉ፤ የእርሱን ያህል የተሰማ ሰው ዝም ማለት አልነበረበትም የሚሉም አሉ።

በ1915 ዓመት በኅዳር ወር በኒው ዮርክ ሳለ በጽኑ ታመመ። ሐኪሞቹ ሞቱ እንደ ቀረበ ነገሩት፤ እርሱም በተወለደበትና በሠራበት በደቡብ አገር ልቀበር ብሎ ባቡር ተሳፈረ። ተስኪጊ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ፥ በኅዳር 14 ቀን፥ በ59 ዓመቱ ዐረፈ። በአንዲት አፍሳሽ ጎጆ የተጀመረው ተማሪ ቤት በዚያን ጊዜ 100 ያህል ቤቶችና 1500 ያህል ተማሪዎች ነበሩት፤ ከቤቶቹም ብዙዎቹ ተማሪዎቹ በሠሩት ጡብ የቆሙ ነበሩ። መቃብሩም በዚያው ግቢ ነው።

እርሱ ከሞተ በኋላ በተስኪጊ የሞተር ሥራ ከተማሩት ልጆች አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነበረ። ትምህርቱን በ1924 ዓመት ጨርሶ ቺካጎ ከተማ ወደ አንድ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት ለመግባት ቢለምን በቀለሙ ምክንያት አልተቀበሉትም። እርሱም በዚያው ቤት ጠራጊ ሆኖ ገባ፤ መጥረጊያውን ይዞ በክፍሉ ጥግ መምህራኑ የሚናገሩትን ያዳምጥ ነበር። ይህ ሰው በ1935 ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜም ጥቂቶቹን የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላኖች አዘዘ። በ1944 ዓመትም ተመልሶ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያን ወጣቶች የአውሮፕላን መንዳት ሲያስተምር ኖረ።